የልጆች የጣት ስብራትና የእኛ ሙያ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ ስለ ሞተር ጥገና ወይም ስለ እህል ማበጠሪያ መሣሪያዎች እንደምናገር የገመታችሁ ብዙዎች ሳትሆኑ አትቀሩም። ሙያዬ ይኸው በመሆኑ ግምታችሁ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የመረጥሁት ርዕስ የልጆች የእጅ ጣት ስብራትና የቀዶ ሕክምናው ነው። ሐኪም አለመሆኔን አስቀድሜ ልናገር። የማቀርበው ሐኪሞችን ጠይቄ የተረዳሁትን፣ ከመጻሕፍት ያነበብሁትንና በመካኒክስ ትምህርት ዓይን የመረመርሁትን ነው። ርዕሱን እንድመርጥ ያደረገኝ ግን ንባብ ሳይሆን በራሴ እጅ የተፈጸመ ጥፋት ነው።

ስለ አገሩ

መተማ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ መጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ይሄዳል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ያረፉት በዚያ ነው። ዛሬ ግን የምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ይኸውም መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ፣ በይበልጥ የሚታወቀው በሰሊጡ፣ በጥጡና በማሽላው ነው። ሰሊጡ በክረምት መግቢያ ተዘርቶ ከመስከረም አንሥቶ ይታጨዳል። በዚህ ወቅት ሳሉግ የሚባሉት የጉልበት ሠራተኞች ከደጋው በብዛት ይወርዳሉ። ለእነርሱ ምግብ የሚያበስሉ፣ ሻይ የሚያፈሉ፣ ውኃ የሚያቀርቡ ሴቶችም ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ።

በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት በዚያ ምድር ጥላ ማለት ትልቅ ነገር ነው። በመኸሩም ቢሆን ፀሐዩ አይቻልም። ሰፊ ጥላ ያለው ደግሞ መጋዘኑ ነው። ስለዚህ ልጅ ሁሉ የሚሰበሰበው በመጋዘኑ ውስጥ ሲሆን፣ ማበጠሪያው፣ ወፍጮውና ጄኔሬተሩ የሚቆሙትም እዚያው ነው። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ትርጉሙን ግን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት።

ከመተማ ወደ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን የኖረና ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነ ተቋም ከነሆስፒታሉ ይገኛል። የአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚሻ ልጅ የሚላከው ወደዚያ ነው። ከዚያ የባሰ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም እ.ኤ.አ. በ2008 ወደተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይላካል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው በመግባታቸው የአካባቢው ጤና ተቋሞች ሸክም ጨምሯል። በዚያው ዓመት በክልሉ ከተነሣው ግጭት በኋላም መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ነበር። እንግዲህ ስለ ጣት ስብራት ስናገር ይህን ርቀት አብራችሁ እንድታስቡልኝ እለምናለሁ፤ በሕክምናው ውስጥ ጊዜ ራሱን የቻለ መድኃኒት መሆኑን በኋላ እናያለንና።

የሆነው ነገር

በ2012 ዓ.ም. በኅዳር ወር አንድ የሰሊጥ ማበጠሪያ እንድጠግን ወደ መተማ ወረዳ ተልኬ ነበር። ቺንጋው ላልቶ ስለነበር ለማጥበቅ የፑሌጃውን የላሜራ መከለያ ፈታሁ። መከለያው በአራት ብሎን የሚታሰር ሲሆን የሁለቱ ብሎኖች ጥርስ ተበልቶ ኖሯል። ሥራ እንዳይስተጓጎል ብዬ መሣሪያውን አስነሣሁና መከለያውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ «ነገ ብሎን ሲገኝ እናስረዋለን» አልሁ። ከመካከላችን ይህን ቃል ተናግሮ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ ብዬ አልጠይቅም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ የመሣሪያው ሠራተኛ ሞተሩን አጠፋ። ድምፁ ጸጥ አለ፤ ፑሌጃው ግን በነበረው ጉልበት ገና እየዞረ ነበር። ለሠራተኞቹ ሻይ የምታቀርበው ሴት የዘጠኝ ዓመት ልጅ መሣሪያው የቆመ መስሎት ከቺንጋው ሥር የወደቀ ብርጭቆ ሊያነሣ ቀኝ እጁን ሰደደ። ሁለት ጣቶቹ በቺንጋውና በፑሌጃው መካከል ገቡ። የጠቋሚ ጣቱ ጫፍ ተጨፍልቆ ጥፍሩ ከሥሩ ወጣ፤ የመሐል ጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ተሰበረ።

ነገሩን በቁጥር ልመልከተው። በደቂቃ 1500 ጊዜ የሚዞር ሞተር ላይ ያለ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፑሌጃ ቺንጋውን በሰከንድ ወደ 16 ሜትር ይነዳዋል። አንድ ሰው አደጋ አይቶ እጁን ለመሳብ ሩብ ሰከንድ ቢፈጅበት ቺንጋው በዚያ ጊዜ 4 ሜትር ያህል ሄዷል። «ተጠንቀቅ» የሚለው ቃል መከለያን የማይተካው ስለዚህ ነው። ይህ ልጅ ጣቶቹ የተረፉለት መሣሪያው ሊቆም ጥቂት ሲቀረው ስለነካው ብቻ ነው።

አያቱ መጀመሪያ የወሰዱት ወደ ወጌሻ ነበር። እኔም ተከትዬ ሄድሁ። ወጌሻው አዛውንት ናቸው። ጣቱን በቀስታ ዳስሰው፣ አቅንተው፣ ለቀቅ አደረጉትና ወደ እኔ ዞረው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ እኔ የማስረው ቆዳው ያልተከፈተውን ነው። ይኸኛው ተፈልቅጧል። ያኛው ደግሞ አቅንቼው ስለቀው መልሶ ይዞራል። ለሐኪም ስጡት።» በኋላ የቀዶ ሕክምናው ሐኪም በራጅ አይቶ የተናገረው ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። በጤና ጣቢያው ቁስሉ ታጥቦ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተሰጥቶት ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ጎንደር ገባን። በመንገድ ላይ እናቱ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ኢንጂነር፣ ልጄ ይጽፍበት ይሆን?» መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ የተጠነሰሰው በዚያ ጥያቄ ነው።

የልጅ አጥንት

ራጅ ከተፈጠረበት ጊዜ አንሥቶ ከእጅ ጋር የተያያዘ ነው። ሮንትገን በታኅሣሥ ወር 1895 እ.ኤ.አ. ያነሣው ስመ ጥር ሥዕል የባለቤቱ እጅ ከነቀለበቷ ነበር። በእጃችን ውስጥ 27 አጥንቶች አሉ፤ ከእነዚህ 14ቱ የጣት አንጓዎች ናቸው። ለአውራ ጣት ሁለት፣ ለቀሩት ሦስት ሦስት መሆኑ ነው።

በልጅ ጣት ውስጥ ግን በአዋቂ የማይገኝ አንድ ክፍል አለ። በእያንዳንዱ የጣት አንጓ ሥር፣ ወደ መዳፉ በሚያዘነብለው ጫፍ በኩል፣ አጥንቱ የሚያድግበት ስስ የልም አጥንት ንጣፍ ይገኛል። አጥንቱ የሚረዝመው ከዚያ ነው። ንጣፉ በጉርምስና ዘመን ማብቂያ ላይ ወደ አጥንት ተለውጦ ይዘጋል። እስከዚያ ድረስ ግን ከአጥንቱም፣ መገጣጠሚያውን ከያዙት ጅማቶችም የደከመ ቦታ እርሱ ነው። አዋቂን ጅማቱን የሚበጥስ ኃይል ልጅን ንጣፉን ይሰብረዋል። ሶልተርና ሃሪስ የተባሉ የካናዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን ዓይነት ስብራት በአምስት ክፍል መድበውታል፤ ምደባው እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

እኛ ብረትን የምናውቀው ሰዎች ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። አጥንት የሚያርፍበትን ሸክም አውቆ ራሱን የሚያደራጅ ቁስ ነው። ይህን ከተረዱት አንዱ የእኛ ሙያ ሰው ነው። የዙሪኩ መሐንዲስ ካርል ኩልማን እ.ኤ.አ. በ1866 ገደማ የጭን አጥንት ተሰንጥቆ ቢያይ፣ በውስጡ ያሉት ስስ መስመሮች እርሱ በክሬን ንድፍ ላይ ከሚስላቸው የውጥረት መስመሮች ጋር ተመሳስለው አገኛቸው። በልጅ ዘንድ ይህ ኃይል እጅግ የበረታ ነው። መገጣጠሚያው በሚታጠፍበት አቅጣጫ የተጣመመ የልጅ አጥንት፣ በተለይም ስብራቱ ለማደጊያው ንጣፍ የቀረበ ከሆነ፣ በዕድገት ራሱን ያቃናል።

ይህ ቸርነት ግን ወሰን አለው። በዘንጉ ላይ የዞረ አጥንት አይመለስም። ጣቶቻችንን ስናጥፍ ሁሉም ወደ አውራ ጣት ሥር፣ ወደ አንድ የእጅ አንጓ አጥንት ያመለክታሉ። አጥንቱ በ10 ዲግሪ ዞሮ ቢገጥምና የታጠፈው የጣት ክፍል 4 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም፣ የጣቱ ጫፍ ከቦታው 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸሻል። በልጅ እጅ ላይ ይህ በጎረቤቱ ጣት ላይ ለመውጣት ይበቃል። ጣቱ ሲዘረጋ ምንም እንከን ስለማይታይበት ብዙ ጊዜ የሚታለፈውም ይኸው ነው። ስለዚህ ጣቱ የተሰበረ ልጅ እጁን ቀስ ብሎ እንዲጨብጥ ተደርጎ መታየት አለበት።

ቀዶ ሕክምና የማይሻውና የሚሻው

አብዛኛው የልጆች የጣት ስብራት ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ከቦታው ያልተናወጠ ስብራት በመካከሉ ጨርቅ ተደርጎ ከጎረቤቱ ጣት ጋር ቢታሰር፣ ወይም በመደገፊያ ለሦስት ሳምንት ያህል ቢያዝ ይድናል። የተናወጠውም በማደንዘዣ ተቃንቶ በጀሶ ሊያዝ ይችላል። የትንሿ ጣት የሥር አንጓ ወደ ውጭ በሚሰበርበት ጊዜ በጣቶቹ መካከል እርሳስ አስገብተው አጥንቱን በእርሳሱ ላይ አደላድለው የሚያቃኑ ሐኪሞች አሉ። ከማንሻ ትምህርት የምናውቀው መደገፊያ ነጥብ መሆኑ ነው።

እጁ በሚታሰርበት ጊዜ ጣቶቹ ከመዳፉ ጋር በሚገናኙበት አንጓ ላይ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ታጥፈው፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት አንጓዎች ቀጥ ብለው ይያዛሉ። እንዲህ ሲሆን የመገጣጠሚያው ጅማቶች ተወጥረው ስለሚቆዩ እጁ ሲፈታ አይደርቅም።

ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው በእነዚህ ጊዜያት ነው። አንደኛ፣ ከተቃና በኋላ በቦታው የማይረጋ ሲሆን። ሁለተኛ፣ አጥንቱ በዘንጉ ላይ ዞሮ በእጅ አልመለስ ሲል። ሦስተኛ፣ ስብራቱ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ የገጹን ልሙጥነት ሲያጠፋ። አራተኛ፣ የአንጓው አንገት ተሰብሮ ራሱ ሲገለበጥ፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ልጁ በር የያዘውን ጣቱን መንጭቆ ሲያወጣ ነው፤ የማደጊያው ንጣፍ በሌላው ጫፍ ስለሆነ በራሱ የመቃናት ዕድሉ አነስተኛ ነው። አምስተኛ፣ ቆዳው ተከፍቶ አጥንቱ ከውጭ ሲገናኝ።

ከአምስተኛው ክፍል አንዱን ለይቼ ልጥቀስ፤ የጠቋሚ ጣቱ ጉዳት ይህ ነበርና። ሲሞር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 የገለጸው ስብራት በጣቱ ጫፍ አንጓ ማደጊያ ንጣፍ አጠገብ የሚደርስ ነው። ጣትን የሚዘረጋው ጅማት ከንጣፉ ወዲህ፣ የሚያጥፈው ጅማት ከንጣፉ ወዲያ ስለተያያዙ ስብራቱ ሲደርስ ጫፉ ወደ ታች ይወድቃል፤ ጥፍሩ ከሥሩ ይወጣል፤ ጥፍሩ የተቀመጠበት ሥጋም ተቀድዶ በስብራቱ መካከል ይገባል። ለተመልካች የጥፍር ቁስል ብቻ ይመስላል። ቁስሉ ታጥቦ በላዩ ከታሰረ ሥጋው እዚያው እንደተነከሰ ይቀራል፤ አጥንቱ ይመግላል፤ ዕድገቱም ይቆማል። መፍትሔው ጥፍሩን አንሥቶ፣ ስብራቱን ከፍቶ አጥቦ፣ የተነከሰውን ሥጋ አውጥቶ ጠግኖ፣ አጥንቱን ማቃናትና ብዙ ጊዜ በሽቦ ማያዝ ነው። ስለዚህ በመጭፈለቅ ጥፍሩ ከሥሩ የወጣ ልጅ ሁሉ ከጎን በኩል የተነሣ ራጅ ያስፈልገዋል።

ስለ ሽቦው

የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ራጁን ሲያሳየኝ ሥራው ወደ እኛ ሙያ የቀረበ መሆኑን ነገረኝ፤ እውነቱን ነበር። ለልጅ ጣት በብዛት የሚያገለግለው መሣሪያ የኪርሽነር ሽቦ ነው። ጀርመናዊው ማርቲን ኪርሽነር እ.ኤ.አ. በ1909 ያስተዋወቀው ይህ ሽቦ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ጫፉ የሾለ ቀጭን ዘንግ ነው። ለልጅ ጣት ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይመረጣል።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? የክብ ዘንግ የመታጠፍ ጽናት ከውፍረቱ አራተኛ ኃይል ጋር እንደሚያድግ ሁላችንም ተምረናል። ስለዚህ የ1.1 ሚሊ ሜትሩ ከ0.7 ሚሊ ሜትሩ 6 እጥፍ ያህል ይጸናል። በዚህ ብቻ ብንፈርድ ወፍራሙን እንመርጥ ነበር። ነገር ግን ሽቦው በማደጊያው ንጣፍ ውስጥ የሚያልፍ ሲሆን የሚበሳው ስፋት ከውፍረቱ ካሬ ጋር ያድጋልና የወፍራሙ ቀዳዳ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ትልቅ ቀዳዳ በተበሳበት ቦታ አጥንት ድልድይ ሠርቶ ዕድገቱን ሊያግድ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚመርጠው ስብራቱን ለሦስትና ለአራት ሳምንት ለመያዝ የሚበቃውን ቀጭኑን ነው። ጥርስ የሌለው ልሙጥ ሽቦ ይሆናል፤ በተቻለ መጠን በአንድ ሙከራ ይገባል፤ ንጣፉን ማለፉ የግድ ከሆነም ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ ይደረጋል። በእኛ ሥራ «ይበልጥ ይጽና» ማለት የተለመደ ነው። እዚህ ግን የሚያድግ ነገር ስለሚታሰር ልኩ «የሚበቃው ብቻ» ነው።

አንድ ሽቦ አጥንቱ እንዳይታጠፍ ይይዛል እንጂ እንዳይዞር አያግድም፤ በሽቦው ዙሪያ እንደ ማጠፊያ ይሽከረከራልና። ሁለት ሽቦዎች ተሻግረው ሲገቡ ግን መዞሩም ይቆማል። የሚሻገሩበት ቦታ በስብራቱ መስመር ላይ ከሆነ ሁለቱ ስብርባሪዎች በዚያው ነጥብ ላይ ሊወዛወዙ ስለሚችሉ ነጥቡ ከስብራቱ ወዲህ ወይም ወዲያ እንዲሆን ይደረጋል። የሽቦዎቹ ጫፍ ከቆዳው ውጭ ታጥፎ ይቀራል፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥም ተስቦ ይወጣል።

ከሙቀትም መጠንቀቅ ያሻል። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር አጥንት ለአንድ ደቂቃ 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ካገኘው እንደሚጎዳ አሳይቷል። ትራፓኖ በፍጥነትና ሳያቋርጥ ቢነዳ ከዚህ በላይ ሊያሞቅ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በዝግታ፣ እያረፈ፣ በንጹሕ ፈሳሽ እያቀዘቀዘ ይሰረስራል። ይህን ብረት የሰረሰረ ሁሉ ያውቀዋል።

ጊዜና ወጌሻ

በጎንደር የተነገረኝና ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ነገር ይህ ነው። በማደጊያው ንጣፍ የደረሰ ስብራት ቶሎ መቃናት አለበት። ከአንድ ሳምንት በላይ ከቆየ በኋላ በኃይል ለማቃናት ቢሞከር ንጣፉ ራሱ ስለሚጎዳ ሐኪሙ እጁን ሰብስቦ የዕድገትን ሥራ መጠበቅ፣ ካስፈለገም ከዓመታት በኋላ አጥንቱን ቆርጦ ማስተካከል ይገደዳል። በመኸር ወቅት «ሥራው ይለቅና እንሄዳለን» የሚል ቤተሰብ፣ የመኪና ዋጋ የሌለው ቤተሰብ፣ ወይም መንገድ የተዘጋበት ቤተሰብ ይህችን ሳምንት በቀላሉ ያጣታል።

ስለ ወጌሻም ጥቂት ልበል። በአገራችን በየቦታው ልምድ ያላቸው ወጌሾች አሉ፤ እኔ ያየኋቸው አዛውንት የሥራቸውን ወሰን የሚያውቁ ነበሩ። ይሁን እንጂ በሽመል ስንጥር ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም አጥቶ፣ ጠቁሮ፣ በመጨረሻ የተቆረጠባቸው ልጆች በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተሰበረ እጅ ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም፤ በመካከላቸው የሚጨመቀው የደም ሥር ነው። የታሰረ ልጅ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ጥፍሩ ተጫን ተብሎ ሲለቀቅ በሁለት ሰከንድ ያህል ውስጥ ደም ካልተመለሰበት ማሰሪያው ሳይውል ሳያድር መፈታት አለበት። ይህን ለወጌሾቹ በአክብሮት ማስረዳት እነርሱን ከመንቀፍ የበለጠ ልጆችን ያድናል።

በሥራ ቦታ አደጋ ሲደርስ ማድረግ የሚገባውም አስቸጋሪ አይደለም። ቀለበትና ክር ካለ ቶሎ ማውለቅ፤ ቁስሉን በንጹሕ ውኃ አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፤ ቡናም፣ ቅቤም፣ ናፍጣም አለመጨመር፤ እጁን ከፍ አድርጎ መያዝ። ጣት ተቆርጦ ከሆነ ቁራጩን በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ በላስቲክ ውስጥ ካደረጉ በኋላ ላስቲኩን በበረዶ ላይ ማስቀመጥ እንጂ ሥጋውን ከበረዶ ጋር አለማገናኘት።

ከእኛ የሚጠበቀው

ስለ ሆስፒታሎች መሣሪያ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሽቦና ትራፓኖ የሚቀቀሉበት የእንፋሎት ማብሰያ ተሕዋስያንን ለመግደል 121 ዲግሪ ሊደርስ ይገባል፤ ለዚህም እንፋሎቱ በጠቅላላው 2.05 ባር ያህል ግፊት ያስፈልገዋል። የግፊት ቆጣሪው ግን የሚያነበው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። በባሕር ወለል ላይ 1.03 ባር ሲያሳይ ይበቃል። ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ጎንደር ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ቆጣሪው ወደ 1.27 ባር መድረስ አለበት። በመተማ ቆላ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በባሕር ወለል የተጻፈ መመሪያ በደጋ ላይ እንዳለ ቢተገበር እንፋሎቱ ከሚገባው በታች ይቀራል። ይህን የሚያርም ሰው ቀዶ ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም፤ ከመካከላችን አንዱ በግማሽ ቀን ሊያደርገው ይችላል።

ዋናው ነገር ግን ልጁ ወደ ሆስፒታል እንዳይሄድ ማድረግ ነው። ሶልተርና ሃሪስ ምደባቸውን ባወጡበት በዚያው በ1963 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ መሣሪያዎች መከለያ ስምምነት ቁጥር 119ን አጽድቋል። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ያ ልጅ ግን የተቀጠረ አልነበረም፤ እናቱን ተከትሎ የመጣ ነው። ሕጉ ያላየውን ልጅ ማየት የእኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ አራት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ መከለያ የሌለው መሣሪያ እንደተበላሸ ይቆጠር፤ ጥገናው ያልቃል የሚባለው መከለያው ሲታሰር ነው። ሁለተኛ፣ መከለያዎችን ስንሠራ በማጠፊያ የሚከፈቱና ብሎናቸው የማይወድቅ ይሁኑ፤ ተነቅሎ ግድግዳ ላይ የሚደገፍ መከለያ አንድ ቀን እዚያው ይቀራልና። ሦስተኛ፣ የወንፊቱን ቀዳዳና ከቺንጋው ያለውን ርቀት በልጅ ጣት እንለካ። ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ከ14 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎችና ከ3 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች የተለያየ ሰንጠረዥ አላቸው። ለአዋቂ ጣት የተከለከለ ቀዳዳ ለልጅ ጣት በር ሊሆን ይችላል። አራተኛ፣ ከመጋዘኑ ራቅ ብሎ ለልጆችና ለሻይ የሚሆን ዳስ ይሠራ። የሁለት ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ልጆቹ ወደ መሣሪያው የሚመጡት መሣሪያውን ሽተው ሳይሆን ጥላውን ሽተው ነውና።

ወደ ልጁ ልመለስ። በደረሰ በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ጣቶቹ በአንድ ማደንዘዣ ተሠሩለት፤ በመሐል ጣቱ ሁለት፣ በጠቋሚ ጣቱ አንድ ሽቦ ገባ። በአራተኛው ሳምንት ሽቦዎቹ ሊወጡ ሲገባ እናቱ የመኪና ዋጋ አልነበራትም፤ ይዣቸው የሄድሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ እንደነገረኝ በዚህ ምክንያት ሳይመለሱ ቀርተው ሽቦው ከነመግሉ የሚገኝባቸው ልጆች አሉ። የመሐል ጣቱ ዛሬ ሲጨብጥ ከጎረቤቶቹ ጋር ተስተካክሎ ይታጠፋል። የጠቋሚ ጣቱ ጥፍር ሸንተረር ወጥቶበታል፤ የጫፉ አንጓም ከግራው ጥቂት አጥሯል፤ ንጣፉ በከፊል ተዘግቷል ማለት ነው። እናቱ ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ «ይጽፍበታል» ነው። ሲጽፍ ግን እርሳሱን የሚይዘው በአጭሩ ጣት መሆኑን አይቻለሁ። ያን ሚሊ ሜትር የወሰደው ሁለት ብሎን ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከዚህ ጉባኤ ስንለያይ እያንዳንዳችን ወደየሥራ ቦታችን እንመለሳለን። ብዙዎቻችሁ ግድግዳ ላይ የተደገፈ አንድ መከለያ የት እንዳለ በዚህች ሰዓት ታውቃላችሁ ብዬ አምናለሁ። የምለምናችሁ እርሱን እንድታስሩ ነው።